ከፍየሎቹ ዝላይ እስከ ልጁ አፍ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ።

ከቦንጋ ወጥታችሁ ወደ ዴቻ ስታቀኑ ማንኪራ የምትባል ስፍራ አለች። መንገዱ በክረምት ጭቃ ነው፣ ጫማ ያስወልቃል፤ ጉሙ ከጫካው ሳይገፈፍ ይረፍዳል፣ ከዚያም ፀሐይ ብቅ ስትል በቀረሮውና በዋንዛው ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ቆሞ ታያላችሁ።

የማንኪራ ሰው ቡና የተገኘው እዚሁ ነው ይላል፤ ያገኘውም ካልዲ የሚባል የፍየል እረኛ ነው ይላል። ወሬውን ሁላችሁም ሰምታችሁታል፦ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በሉና ዘለሉ፣ ልጁም በላና አብሯቸው ዘለለ። ተራኪ ሁሉ ግን እዚህ ላይ ይቸኩላል። ከፍየሎቹ ዝላይ እስከ ልጁ አፍ ድረስ እኮ ሩቅ ነው! የጫካ ልጅ ቀይ ፍሬ ሁሉ እንደማይበላ ያውቃል፤ እናቱ ስንቴ አስጠንቅቃዋለች።

ለእኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ልጁ አሁን ይወድቃሉ ብሎ ጠበቀ፣ አልወደቁም፤ ማታም ወደ ቤት ነዳቸውና እንቅልፍ አጥቶ አደረ፣ ሲነጋ በሕይወት አገኛቸው፣ ከዚያም ወደዚያው ዛፍ ተመልሶ አንዲት ፍሬ ቀነጠበ፣ በሁለት ጣቱ ጨመቃት፣ ልጣጯ ፈነዳና የሚያሟልጨው ፍሬ ሾልኮ ወጣ፣ ጣቱ ላይ የቀረውንም በምላሱ ጫፍ ነካ አደረገው። ጣፈጠው። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም፤ ሁለተኛዋን አፉ ውስጥ የጣላት እያላበው ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁ ፍሬውን ለአንድ መነኩሴ ወሰደለት፣ መነኩሴውም እሳት ውስጥ ወረወረው፣ ሽታውም ገዳሙን ሞላው ይባላል። የፍየሎቹ ወሬ በፈረንጆቹ 1671 ሮም ውስጥ ታትሟል፤ የጻፈው ፋውስቶስ ናይሮን የሚባል ማሮናዊ ሊቅ ነው፣ በጽሑፉ ግን ካልዲም ማንኪራም የሉም። ማንኪራዎች በዚህ አይከፉም። የአረቢካ ቡና የዱር ቤት ይህ የደቡብ ምዕራብ ጫካ መሆኑን የዕፅዋት ሊቃውንት ይመሰክራሉ፤ ዩኔስኮም በ2010፣ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ማንኪራ ያለችበትን የካፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል።

እኔን የሚገርመኝ ደጋው ነው። ያ እረኛ የደፈረውን ፍሬ የደጋው ክርስቲያን ለረጅም ዘመን የሙስሊሞች መጠጥ ነው ብሎ ሸሸው፤ የጠጣም ይነቀፍ ነበር። ከዚያ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ጠጡ፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥላቻ ለማለዘብ ብዙ ደከሙ፣ ቡናም ቀስ እያለ ከየቤቱ ገባ።

ቀስ እያለ ስል ቀላል አይምሰላችሁ። ንጉሡማ ማን ይናገራቸዋል? ለመጀመሪያ ጊዜ ምጣድ የጣደችውን የመንደር ሴት አስቧት። ጠጅ ተደብቆ ይጠጣል፤ ቡና ግን ተደብቆ አይቆላም፣ ጭሱ ጎረቤት ይጠራል። በሩን ብትዘጋው በግድግዳው ስንጥቅ ይወጣል። እጇ እየተንቀጠቀጠ አመሰችው፣ ወቀጠችው፣ አፈላችው፤ ገና ስትቀዳ የፈራችው ጎረቤት ነጠላውን አጣፍቶ ከደጇ ቆመ፣ ተቆጣ፣ ቤተሰቧንም አነሳ፤ እሷም መልስ ጠፋትና ሲኒውን ዘረጋችለት። እምቢ አለ፣ አሸተተ፣ ፉት አለ፣ ፊቱንም አጨፈገገ።

ከዚያም ነጠላውን አውርዶ ሁለተኛው መቼ እንደሚደርስ ጠየቃት።