ወርኃ ጽጌና የቀረው አበባ

በጎንደር፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምእት ዓመት ባሳነጹት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም ሰንብቶ ኅዳር 6 በዓለ ንግሡ እስኪደርስ ድረስ፣ አበባ የሚለው ቃል ከካህናቱ አንደበት አይለይም፤ ይኸው ቃል ከቅጽሩ ውጭ፣ ሊቃውንቱ ትክቶ ወይም ልማደ አንስት ለሚሉት ነገር ሴቶች የሰጡት የጨዋ ስም ነው።

አበባዋን ያየች ሴት ወደ ቤተ መቅደስ ሳትገባ ከውጭ ቆማ ስለምታስቀድስ፣ አበባው የቀረ እንደ ሆነም ጎረቤት ከመቆሚያዋ ሊረዳው ይችል ነበር። ከከተማው በስተ ሰሜን በወለቃ በነበሩት ቤተ እስራኤል ዘንድማ፣ ሴቲቱ ሰባት ቀን በመርገም ጎጆ ትቀመጥ ነበርና፣ ወሯ ደርሶ ወደ ጎጆው ሳትወርድ ብትቀር ከመንደሩ የሚሰወር ምስጢር አልነበረም። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ዓይን እንዲህ ያየውን አንደበት አለመናገሩ ነው። በ1762 ዓ.ም. ፈንጣጣ በቁስቋም ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ሕሙማኑ የተኙበትን ክፍል በርና መስኮት አስከፍቶ አስታሟል፤ በገላ ላይ የሚታይ ደዌ ለእንግዳ ወንድ እንኳ ይገለጥ ነበር። ረኀብ ያከሳው ገላ አበባውን እንደሚነፍግ ግን ማን ይናገር? ከ1880 ዓ.ም. ወዲህ በመጣው በክፉ ቀን፣ ስንቲቱ ሴት በረኀብ የደረቀውን አበባዋን የመካንነት ምልክት አድርጋ በዝምታ አልቅሳ ይሆን?

በወንጌለ ማርቆስ ምዕራፍ 5፣ 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት በሕዝብ መካከል እውነቱን ሁሉ መናገሯ ሲነበብ ሰምተው ላደጉ ሴቶች፣ ሰሚ እንጂ አብነት አልጎደላቸውም።

በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በጎንደር ሲከፈት፣ ከጤና መኮንኖች ጋር የማኅበረሰብ ነርሶች መሠልጠናቸውን ከብዙ ሕንጻ የማስበልጠው ስለዚህ ነው። አንዲት የቁስቋም ሴት «እኅቴ፣ ካየሁ ቆየሁ፤ የመጨረሻው ለኅዳር ቁስቋም ነበር» ብትላት፣ ነርሷ በዓሉን ወደ ቀን መልሳ ትቆጥራለች፤ አስተርእዮ ማርያም፣ ጥር 21፣ ሲደርስ 75 ቀን፣ የካቲት 6 ሲሆን 90። ሦስት ወር የቀረ አበባ ምርመራ ይሻል፤ ከዚያም አስቀድሞ ፅንስ እንዳለ ሊታይ ይገባል። ስለዚህ ነርሷ ፅንስ ትጠረጥር እንደ ሆነ፣ ሕፃን ታጠባ እንደ ሆነ፣ ገላዋ ከስቶ፣ ሐዘንም አግኝቷት እንደ ሆነ ትጠይቃታለች፤ በደጋው የተለመደው እንቅርት ወር ከሚያዛባ ሕመም ጋር ሊገናኝ ይችላልና አንገቷንም ትዳስሳለች። ሴቲቱም ነጠላዋን ከአፏ ላይ አውርዳ ትመልስላታለች።