ጥንድ ዓሣ፣ ባዶ ባሕር

አበው «ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላሉ። ዓሣን በመስታወት ገንዳ ማኖርም ብልሃት ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ብልሃት ደግሞ ምርጫው ነው። የኢንዶኔዥያዋ ባንጋይ ደሴቶች ታሪክ ይህን ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1920 ስዊድናዊው ዋልተር ካውደርን ከደሴቶቹ አንድ እንግዳ ዓሣ ሰበሰበ። በ1933 በስሙ ተሰየመና ተረሳ። በ1994 የዓሣ ተመራማሪው ጄራልድ አለን እንደገና ሲያገኘው ግን ዕጣው ተቀየረ። ባንጋይ ካርዲናል የሚባለው ይህ ዓሣ ከ8 ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ብርማ ገላው ላይ ጥቁር መስመርና ነጭ ነጠብጣብ አለው። እርጋታው ለጠባብ የጨው ውሃ ገንዳ ይስማማል፤ ኮራሉንም አይነካም። ገበያው ወዲያው ተሻማበት።

ሴቷ የጣለችውን እንቁላል ወንዱ በአፉ ተቀብሎ ይታቀፋል፤ ጫጩቶቹ እስኪወጡ አንድ ወር ገደማ ይጾማል። ሰው የወደደው ይህ ጠባይ ለዓሣው መዘዝ ሆነ። የብዙ ኮራል ዓሦች ግልገል በማዕበል ተንሳፎ ሩቅ ይደርሳል። የዚህኛው ግን ከተወለደበት ሳይርቅ በባሕር ጃርት እሾህ መካከል ይጠለላል። ስለዚህ አንድ የባሕር ዳርቻ ከተራቆተ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካ የለም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ700,000 እስከ 900,000 ዓሣ ይጠመድ እንደነበር ተገምቷል። በ2007 ዓሣው ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ገባ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲገደብ ያቀረበችው ሐሳብ፣ ኢንዶኔዥያ ተቃውማው፣ ሳይጸድቅ ቀረ። የደሴቶቹ አጥማጆች እንጀራም ጉዳይ ነበርና ተቃውሞው ከንቱ አልነበረም።

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ። ወንዱንና ሴቷን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አርቢዎች ጥቂት ግልገሎችን አብረው ያሳድጋሉ። ሁለቱ ሲጣመሩ በጠባብ ገንዳ ሌሎቹን ስለሚያሳድዱ የቀሩት ይወጣሉ። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ግልገሎቹ ከባሕር ከመጡ ግን ለአንድ ጥንድ ሲባል ብዙ ዓሣ ከቤቱ ተነቅሏል ማለት ነው።

መፍትሔው ያለው እዚያው ዓሣው ጠባይ ላይ ነው። በአፉ የሚታቀፍ ዓሣ በገንዳ ለማራባት ከሌሎቹ ይቀላል፤ ሲራባም ኖሯል። ስለዚህ ከቀለሙና ከዋጋው በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «የት ተፈለፈለ?» የሚለው ነው። ገዢ ካልጠየቀ ነጋዴ አይመልስም፤ ባሕሩም በዝምታ ይራቆታል።