ለከፋ እና ታሪኩ

«ለከፋ ምን አለበት? አድናቆት እኮ ነው!» የሚል ወገን አለ። ሌላው ደግሞ «አለባበሷ ነው የጠራው» ይላል። ሁለቱም ክርክሮች አዲስ አይደሉም፤ የቆየ ታሪክ አላቸው።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎች የምዕራባውያን ባህል ወረራ ነው ብለው ተነሡ። ቁጣው ግን ያረፈው ትርዒቱን ሊያዩ በመጡት ሴቶች ላይ ነበር፤ ተሰደቡ፣ ተመቱም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ንቅናቄ የገባሩን ጭቆና አጥርቶ ሲያይ፣ በደጃፉ የምታልፈዋን እህቱን ጭቆና ግን አላየም።

ሕጉስ? የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው ከጠለፋት ሴት ጋር በሕግ የጸና ጋብቻ ከፈጸመ ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ታዲያ ለጠላፊው እንዲህ ከታዘነለት፣ ለካፊውን ማን ይጠይቀዋል? በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል፤ እሱም ቢሆን የሥራ ቦታን እንጂ ጎዳናውን አይመለከትም።

ወገኖች፣ ከደብረ ታቦር እስከ ጋፋት ባለው መንገድ ላይ እስቲ ልብ እንበል። ያቺው ልጅ፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ፣ ከወንድሟ ጋር ስታልፍ ለካፊው ዝም ይላል። አድናቆት ከሆነ ለምን ዝም አለ? የጠራው ቀሚሱ ከሆነስ፣ ቀሚሱ መች ተለወጠ? የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጠገቧ ወንድ አለ። ለካፊው የሚያከብረው እሱን እንጂ እሷን አይደለም።