አደይ የሚታወቀው በፍሬው

በመስከረም ከመንገድ ዳር አንዲት አደይ ቀንጥሰው በጥፍርዎ ቢፈለቅቋት፣ የሚያገኙት አንድ አበባ ብቻ አይደለም። ዙሪያዋን የከበቡት ስምንት ገደማ ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ ግን መካን ናቸው፣ ሥራቸው ንብ መጥራት ብቻ ነው። ዘር የሚቋጥሩት መሃሉ ላይ የታጨቁት ደቃቅ ቱቦ መሰል አበቦች ናቸው።

የእፅዋት ሊቃውንት ግን ይህን ሁሉ ቢጫ አይተው አይረኩም። አደይን ከዘመዶቹ ለመለየት ፍሬውን ይጠይቃሉ፦ ጠፍጣፋ ነው? ዳርና ዳሩ ክንፍ አውጥቷል? ይህ ደግሞ ለመንገደኛ አይመችም። አበባው ሲፈነዳ ደርሶ፣ ፍሬው ሳይደርቅ የሚሄድ ሰው ግማሽ ማስረጃ ይዞ ይመለሳል።

ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ዊልሄልም ሺምፐር ግን አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ገባ፣ ኢትዮጵያዊት አገባ፣ የትግራይ ገዥ ከነበሩት ከደጃዝማች ውቤም የእንትጮን ግዛት ተሾመ፤ በ1878 ያረፈውም አድዋ ነው። በወረቀት መሃል ያደረቃቸው የትግራይና የሰሜን ዕፅዋት ኤስሊንገን በነበረ ማኅበር በኩል ለአውሮፓ ሊቃውንት ይከፋፈሉ ነበር። በዚያው ዘመን ዕፅዋት ሊሰበስቡ የመጡት ፈረንሳውያን ግን ዕድል አልቀናቸውም፦ ካርቲን ዲሎን በንዳድ ሞተ፣ ፔቲን ዓባይ ሲሻገር አዞ በላው።

የሺምፐርን ናሙና እየመረመሩ የአደይን ዝርያዎች ከሰየሙት አንዱ ካርል ሹልትስ የተባለ ሐኪም ነው፤ አገራችንን ሳይረግጥ፣ ከደረቀ ቅጠል ብቻ። በርሊን የነበረው አብዛኛው የዕፅዋት ክምችት በ1943 በአየር ድብደባ ተቃጠለ። ደግነቱ የሺምፐር ናሙናዎች ብዙ ቅጂ ስለነበራቸው ሌላ ከተማ የተቀመጡት ተርፈዋል።

ለረጅም ጊዜ አደይና ዘመዶቹ ኮሪዮፕሲስና ባይደንስ በተባሉ ሁለት ወገኖች መካከል ሲንከራተቱ ቆዩ። እንደኔ ግምት ትልቁን ውል የፈታው ኢትዮጵያዊው መስፍን ታደሰ ነው፤ በ1984 ኡፕሳላ ላይ ባሳተመው ጥናት የአካባቢያችንን ዝርያዎች ባይደንስ ሥር ሰበሰባቸው። እንግዲህ የምንወደው አደይ፣ ልብሳችን ላይ እየተሰካ ከሚያማርረን የሰይጣን መርፌ ጋር የአንድ ወገን ልጅ ሆኖ ተመዘገበ።

ሕዝቡ አደይ የሚለው አንድ ዝርያን ብቻ አይደለም። ለእንቁጣጣሽ በሚታሰረው እቅፍ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ጥቂቱን ሳይቀነጥሱ ትቶ፣ ፍሬው እስኪደርቅ መታገሥ ነው።