ከ“ለንደን ሐምራዊ” እስከ ዱባ፦ ተክሎች በፀረ ተባይ የተመረዘን አፈር ማጽዳት ይችላሉ?

እአአ በ1856 የ18 ዓመቱ ዊሊያም ሄንሪ ፐርኪን በምሥራቅ ለንደን ቤቱ ውስጥ ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ብዙም ሳይቆይ የቀለም ፋብሪካዎች ተበራከቱ። ከአንዳንዶቹ የሚወጣው ዝቃጭ ግን አርሴኒክ የበዛበት ነበር።

በ1870ዎቹ መገባደጃ ይህ ዝቃጭ ገበያ ተገኘለት። “ለንደን ሐምራዊ” በሚል ስም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ድንች በሚያወድሙ ጥንዚዛዎች ላይ ተረጨ። ርካሽ ስለነበር ገበሬዎች ወደዱት። ኋላ ላይ ቦታውን ለእርሳስ አርሴኔት ለቀቀ፤ እርሱም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በፖም እርሻዎች ላይ ሲረጭ ኖረ። አርሴኒክና እርሳስ ንጥረ ነገሮች በመሆናቸው በዘመን ብዛት አይበሰብሱም። ገበሬው ቢሞት፣ እርሻው መንደር ቢሆን እንኳ መርዙ እዚያው አፈር ውስጥ ይቆያል።

ሳይንቲስቶች ዓይናቸውን ወደ ተክሎች ያዞሩት ከዚህ የተነሣ ነው። በ2001 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የፈርን ዝርያ አርሴኒክን ከአፈር እየሳበ በቅጠሉ ውስጥ እንደሚያከማች ይፋ አደረጉ። ፈርኑን ያገኙት እንጨት በአርሴኒክ ይታከምበት በነበረ የተበከለ ቦታ ላይ ነው። ሌላውን ተክል የሚገድል መጠን እርሱን አልጎዳውም።

ዲዲቲን በመሰሉ መርዞች ረገድ ደግሞ ተስፋ የተጣለበት ተክል ለኢትዮጵያውያን ባዳ አይደለም፤ ዱባ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የተደረጉ ሙከራዎች ዱባና ዝኩኒ ከአፈር ጋር ለዓመታት ተጣብቆ የኖረን ዲዲቲና ከእርሱ የሚወለዱ ውህዶችን ከብዙ ተክሎች በተሻለ እንደሚስቡ አሳይተዋል። የቅርብ ዘመዳቸው ኪያር ግን ይህ ችሎታ እምብዛም የለውም። ሁሉም ተክል የሚሠራው በመሳብ ብቻም አይደለም። አንዳንዱ ከሥሩ በሚያመነጨው ፈሳሽ መርዙን የሚሰባብሩ ረቂቅ ተሕዋስያንን ይመግባል። የፖፕላር ዛፍ ደግሞ አትራዚን የተባለውን ፀረ አረም በገዛ አካሉ ውስጥ ይለውጠዋል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም በቅርብ ይመለከታል። ዲዲቲ ለአሥርት ዓመታት ወባን ለመከላከል ተረጭቷል። ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባዮች በየመጋዘኑ ተከማችተው ኖረው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ 1,500 ቶን ገደማ ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ በመላክ እንዲቃጠል ተደርጓል። ይሁንና ከተቀደደ ጆንያና ከዛገ በርሜል ወደ መሬት የሰረገ መርዝ እንደ በርሜሉ በቀላሉ ተነሥቶ አይጫንም።

የተክሎች ትልቁ ድክመት ጊዜ መፈለጋቸው ነው። ሥራቸው ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ያለውን አይነኩም፤ በአንድ የምርት ወቅት የሚያነሡትም ጥቂት ነው። ለንደን ለ2012ቱ ኦሊምፒክ በስትራትፎርድ የነበረውን የተበከለ የኢንዱስትሪ መሬት ስታጸዳ የዓመታት ትዕግሥት አልነበራትም፤ በአብዛኛው በማሽን አፈር ማጠብን መረጠች። ሰፊና ሩቅ በሆነ፣ ገንዘብም በሌለበት ቦታ ግን ማሽን የሚታሰብ አይሆንም።

ሌላው ከባድ ጥያቄ የሚነሣው ከመከሩ በኋላ ነው። መርዝ የጠጣው ዱባ ከጓሮ ዱባ በመልክ አይለይም። ስለዚህ ማሳው መታጠርና መጠበቅ ይኖርበታል፤ ፍሬውና ሐረጉም ለወጥም ሆነ ለከብት መኖ ሳይውል ተሰብስቦ እንደ አደገኛ ቆሻሻ መወገድ አለበት። በሜዳ ላይ ማቃጠል መርዙን መልሶ ወደ አየር መልቀቅ ነው።