የአኖቴሽን አለመጫን ስህተት (ፒኤችፒ)

የአኖቴሽን አለመጫን ስህተት በፒኤችፒ በተጻፈ ፕሮግራም የጄሰን ጽሑፍ ወደ ኦብጀክት ሲመለስ የሚያጋጥም እክል ነው። ጄኤምኤስ ሲሪያላይዘር የተባለው ላይብረሪ የእያንዳንዱን መስክ ዓይነት ከመስኩ በላይ በአስተያየት መልክ ከተጻፈ አኖቴሽን ሊረዳ ይችላል፤ አኖቴሽኑን የሚያነብለት ዶክትሪን የተባለ ሌላ ላይብረሪ ነው።

ምሳሌ፦ ስለ ጎንደሩ ፋሲል ግቢ «ስም» እና «በዩኔስኮ የተመዘገበበት ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1979) የያዘ ጄሰን ቢመጣ፣ ዓመቱ ሙሉ ቁጥር መሆኑን የሚናገረው አኖቴሽኑ ነው። የአኖቴሽኑ ክላስ ካልተገኘ ሥራው «የለም ወይም ሊጫን አልቻለም» በሚል መልእክት ይቆማል።

መፍትሔ፦ በቆዩት የዶክትሪን አኖቴሽን እትሞች ክላሶችን በራሱ የሚጭነው የኮምፖዘር ኦቶሎደር መኖሩ ብቻ አይበቃም ነበር፤ ከንባቡ በፊት «ሬጂስተር ሎደር» የሚባለውን ትእዛዝ «ክላስ ኤግዚስትስ» ከሚለው ተግባር ጋር መጥራት ያስፈልግ ነበር። በ2ኛው ዋና እትም ትእዛዙ ተወግዷል፤ ክላሱ በራሱ ይጫናል። ስህተቱ ከቀጠለ በፋይሉ አናት ያለው የ«ዩዝ» መስመርና የክላሱ ስም አጻጻፍ ይፈተሽ፤ ሊኑክስ በፋይል ስም ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ስለሚለይ፣ በዊንዶውስ የሠራው ፕሮግራም በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ከፒኤችፒ 8.0 (እ.ኤ.አ. 2020) ወዲህ የአኖቴሽንን ሥራ የሚተካው አትሪቢዩት የቋንቋው አካል ሆኗል፤ ለአዲስ ሥራ የሚመረጠውም እሱ ነው።