ሲጋር እየተጠቀለለ መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት



በዚህ ገጽ ስለ ሲጋር መጻፋችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ኩባ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የመጡትን ወታደሮች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትምባሆም ቢሆን በአገራችን ብዙ የሚመሰገን ነገር አልነበረም፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በግዛታቸው ከልክለውት እንደነበር የታወቀ ነው። የዛሬ ሐኪሞችም ሲጋር አፍን፣ ጉሮሮንና ልብን እንደሚጎዳ በማያጠራጥር ሁኔታ ይናገራሉ። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ማንም እንዲያጨስ ለመገፋፋት አይደለም። የምንጽፈው ሲጋር በእጃቸው ሲጠቀልሉ ስለኖሩ ሠራተኞች ነው። ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ፤ ኋላም አገራቸውን ለቀው በባዕድ ቋንቋ መካከል ኖረዋል። ታሪካቸው ለእኛ ለአዲስ ገቢዎች ቅርብ ሆኖ አገኘነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ከአውሮፓ ሰዎች መካከል በኩባ ምድር ትምባሆ ሲጨስ መጀመሪያ አዩ ከሚባሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ትውልዱ አይሁዳዊ ነበር። ስሙ ሉዊስ ዴ ቶሬስ ይባላል። የስፔን ነገሥታት አይሁድ ሁሉ ወይ እንዲጠመቁ ወይ አገር ለቀው እንዲወጡ ባወጁበት በ1492 ዓመት፣ ተጠምቆ ከክሪስቶፎር ኮሎምቦስ ጋር በአስተርጓሚነት መርከብ ተሳፈረ። ኮሎምቦስ እስያ የሚደርስ መስሎት ነበርና ዕብራይስጥ፣ አራማይክና ጥቂት ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ይጠቅመኛል ብሎ ነው የወሰደው። በኖቬምበር 2 ቀን ሉዊስና ሮድሪጎ ዴ ሄሬዝ የሚባል ሌላ ሰው ታላቁን የምሥራቅ ንጉሥ እንዲፈልጉ ወደ ኩባ መሐል አገር ተላኩ። ንጉሥ አላገኙም። ያገኙት ሃምሳ ያህል ቤቶች ያሉበት መንደር ነበር፤ በመንገዳቸውም ወንዶችና ሴቶች የቅጠል ጥቅል ለኩሰው ጢሱን ሲስቡ አዩ። ዕብራይስጥና ዐረብኛ የሚሰማ ግን በዚያ አልነበረም። ቋንቋ አዋቂ ተብሎ ተልኮ፣ የሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ የማይሠራበት አገር መድረስ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። ኮሎምቦስ ወደ ስፔን ሲመለስ ሉዊስን ላ ናቪዳድ በተባለው ምሽግ ከቀሩት 39 ሰዎች አንዱ አድርጎ ተወው። በ1493 ተመልሶ ሲመጣ ከእነርሱ አንድም ሰው በሕይወት አላገኘም።

አሁን ወደ ሲጋሩ እንመለስ። ሲጋርና ሲጃራ አንድ አይደሉም። ሲጃራ የተከተፈ ትምባሆ በወረቀት ተጠቅልሎ ነው፤ በእጅ የተሠራ ጥሩ የኩባ ሲጋር ግን ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ብቻ ነው። ዝነኛው ቅጠል የሚበቅለው በደሴቲቱ ምዕራብ፣ በፒናር ዴል ሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ቩዌልታ አባሆ በሚባለው ምድር ነው። ለውጭ ልባስ የሚሆነው ቅጠል ፀሐይ እንዳያወፍረው በስስ ጨርቅ ዳስ ሥር ያድጋል። ገበሬው እንደ ጤፍ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አያጭደውም፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ የደረሰውን እየለየ በየጊዜው ይለቅማል። ከዚያ ቅጠሉ በመርፌና በክር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተሰፍቶ በረጅም እንጨት ላይ ይንጠለጠልና በማድረቂያ ቤት ውስጥ ሃምሳ ቀን ያህል ይቆያል። አረንጓዴው ቡናማ ይሆናል። ቀጥሎ ተከምሮ በራሱ ሙቀት ይብላላል፤ ጠላ የጠመቀች እናት መብላላት ምን እንደሆነ ስለምታውቅ እዚህ ላይ አንደክምም።

ጠቅላዩ ሠራተኛ በእንጨት ጠረጴዛው ፊት ይቀመጣል። ዋና መሣሪያው ቻቬታ የምትባል እጀታ የሌላት ጠፍጣፋ ስለት ናት። ከተክሉ ጫፍ የተለቀመው ቅጠል ኃይለኛ ነው፣ ቀስ ብሎም ይነዳል፤ የመካከለኛው መዓዛ ይሰጣል፤ የታችኛው ደግሞ እሳቱ እንዳይጠፋ ይረዳል። ሠራተኛው እነዚህን በመዳፉ ውስጥ አጣጥፎ ይሰበስባቸዋል፣ በማሰሪያ ቅጠል ያስራቸዋል፣ በመጨረሻም በስሱ ልባስ ይጠቀልላቸዋል። አጥብቆ ከጠቀለለው ጢስ አያሳልፍም፤ ካላላው ደግሞ ቶሎ ነዶ አፍ ያቃጥላል። ሚዛኑ ያለው ጣት ላይ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ እንደ ሲጋሩ ዓይነትና መጠን በቀን መቶ ያህል ይሠራል።

የሚያጣጥሙት ሰዎች ጢሱን ወደ ሳንባ አያወርዱትም፤ አፋቸው ውስጥ ይዘው ይለቁታል። አንድ ትልቅ ሲጋር አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ የሚቸኩል ሰው አይሆንለትም። መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው የተለያየ ጣዕም አለው ይላሉ። ይህ የእኛን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ያስታውሳል። ልዩነቱ ቡናው እየቀጠነ ሲሄድ ሲጋሩ እየከበደ መሄዱ ነው። ሲያልቅም ረግጠው አያጠፉትም፤ በራሱ እስኪጠፋ ያስቀምጡታል። ያ ሁሉ እጅ ያለፈበት ነገር ነውና ነገሩ አግባብ ይመስለናል።

ሆኖም በሃቫና የሲጋር ፋብሪካዎች ከቅጠሉ ይልቅ እኛን የሳበን ድምፅ ነው። ሥራው የእጅ ሥራ ስለሆነ የመኪና ጩኸት የለበትም። መቶና ሁለት መቶ ሰው ባንድ አዳራሽ ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት ነገር ይጠቀልላል። እጅ ሥራ ይዟል፣ ጆሮ ግን ባዶ ነው። በ1865 ሳቱርኒኖ ማርቲኔዝ የተባለ ሲጋር ሠራተኛ ላ አውሮራ የሚባል የሠራተኞች ጋዜጣ አቋቋመ። ይሁን እንጂ ከሠራተኛው አብዛኛው ማንበብ አይችልም ነበር፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ጋዜጣ ምን ይሠራለታል? መፍትሔው በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ኤል ፊጋሮ በተባለው ፋብሪካ ተጀመረ። አንድ ሰው ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፣ ሌሎቹ እየጠቀለሉ ይሰማሉ። በ1866 መጀመሪያ ታላቁ የፓርታጋስ ፋብሪካም ተከተለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለአንባቢው የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ከየደመወዛቸው አዋጥተው። አንባቢውን የሚመርጡትም፣ ምን እንደሚነበብ ተወያይተው ድምፅ የሚሰጡትም እነርሱ ናቸው። ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት በኋላ ልብ ወለድ ወይም ታሪክ ይነበባል። ሴርቫንቴስን፣ ቪክቶር ሁጎን፣ ኤሚል ዞላንና አሌክሳንደር ዱማን በዚህ መንገድ አወቁ። ያነበበላቸው ደስ ሲያሰኛቸው ስለታቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ጭብጨባቸው ይህ ነው። ካልወደዱት ስለቱን ወደ መሬት ይጥሉታል። በ1935 የተመሠረተው ሞንቴክሪስቶ የተባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው ሠራተኞቹ ከሚወዱት ከዱማ ልብ ወለድ እንደሆነ ይነገራል።

እኛ ይህ አዲስ አይሆንብንም። በአገራችን ቄሶቻችን ኦሪትን በግዕዝ አንብበው በምንሰማው ቋንቋ ሲተረጉሙልን፣ ሕዝቡ የሰማውን በልቡ ይዞ ለልጅ ልጅ ያስተላልፍ ነበር። መጽሐፍ በእጁ ያልያዘ አባት ሕጉን፣ በዓሉን፣ ጾሙን ከነምክንያቱ ያውቃል። እዚህ ስንመጣ ግን በኡልፓን መመዝገቢያ ወረቀት ላይ «ስንት ዓመት ተማርክ?» ተብሎ ተጠይቆ «ዜሮ» ተብሎ የተጻፈበት ብዙ ሽማግሌ አለ። ወረቀቱ ስለ ትምህርት ቤት ጠየቀ እንጂ ስለ ጆሮ አልጠየቀም። ልጆቹም ያችን ዜሮ አይተው አባታቸው ምንም የማያውቅ መስሏቸው ያደጉ አሉ፤ ይህ ያሳዝነናል። የሃቫናን ሲጋር ሠራተኛ ያየ ሰው ግን «ፊደል የማያውቅ» እና «ያልተማረ» የሚሉትን ቃላት ባንድ ረድፍ አያስቀምጣቸውም።

የስፔን ገዢዎች ነገሩን ቶሎ ተረድተውታል። በዚያው በ1866 በፋብሪካ ማንበብ በአዋጅ ተከለከለ። የሰማ ሠራተኛ ይጠይቃልና። በ1868 በኩባ የነጻነት ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሲጋር ሠራተኞች ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፍሎሪዳ ሸሹ። አንባቢዎቻቸውንም ይዘው ሄዱ። ቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር የተባለው የፋብሪካ ባለቤት በመጀመሪያ ወደ ኪ ዌስት፣ በ1886 ደግሞ ወደ ታምፓ ተዛወረ፤ ኢቦር ሲቲ የተባለው ሠፈር በስሙ ተቆረቆረ። ታምፓ በ1880 ከ1,000 ሰው ያነሰ የሚኖርባት ትንሽ ቦታ ነበረች፤ በ1929 ግን በዓመት 500 ሚሊዮን ያህል ሲጋር ታወጣ ነበር።

በታምፓ ኩባውያን፣ ስፔናውያንና ከሲሲሊ የመጡ ጣሊያኖች ባንድ አዳራሽ ተቀመጡ። ጣሊያኖቹ ስፓኒሽ አያውቁም ነበር። ብዙዎቹ ቋንቋውን የያዙት በፋብሪካው ውስጥ፣ ከባልደረቦቻቸውና ከአንባቢው ወንበር ነው፤ እየሠሩ፣ እየተከፈላቸው፣ ልብ ወለድ እየሰሙ። ደግሞም በየአገራቸው ማኅበር አቋቁመው፣ በየጊዜው መዋጮ እየከፈሉ፣ ለታመመ ሐኪም ለሞተ ቀብር ያዘጋጁ ነበር፤ እኛ እድር የምንለውን ማለት ነው። አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን አለ። ጥቁርና ነጭ ኩባውያን በፋብሪካው ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። የፍሎሪዳ የዘር መለያየት ሕግ ከፋብሪካው ውጭ አንድ ማኅበር እንዲሆኑ አልፈቀደላቸውም፤ ጥቁሮቹ በ1904 ማርቲ-ማሴዮ የሚባል የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። አዳራሹ ያስማማውን ሕጉ ለየው።

ማርቲ ያልነው ሆሴ ማርቲ ነው፤ ባለቅኔና የኩባ ነጻነት መሪ። በኖቬምበር 1891 ወደ ታምፓ መጥቶ ለሲጋር ሠራተኞች ንግግር አደረገ። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ የቀን ደመወዛቸውን ለነጻነቱ ትግል ማዋጣት ጀመሩ። በ1895 ጦርነቱ እንዲጀመር የታዘዘበት ወረቀት በሲጋር ውስጥ ተጠቅልሎ ወደ ሃቫና ገባ ተብሎ ይተረካል፤ እውነት ባይሆን እንኳ እንዲህ ያለ ተረት የሚወጣለት ሲጋር ብቻ ነው።

ይህ ልማድ በኩባውያን ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ሳሙኤል ጎምፐርስ በ1850 በለንደን ከሆላንድ ከመጡ ድሃ አይሁድ ተወለደ፤ በአሥር ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ የአባቱን የሲጋር ሥራ ያዘ። በ1863 ወደ ኒው ዮርክ ተሰደዱ። በዚያ የሥራ ቤት ባልደረቦቹ ተራ በተራ ያነብቡ ነበር፤ የሚያነበው ሰው ደሞዝ እንዳይጎድልበት ሌሎቹ የእርሱን ድርሻ ሲጋር ይሠሩለታል። ጎምፐርስ በ1886 የተመሠረተውን የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ከአንድ ዓመት በስተቀር እስከ ሞቱ እስከ 1924 መራ። ትምህርት ቤቱ የሲጋር ጠረጴዛ ነበር ማለት ይቻላል።

በታምፓ ነገሩ የተቋረጠው በኖቬምበር 1931 ነው። የፋብሪካ ባለቤቶች አንባቢዎቹ የፖለቲካ ጽሑፍ ያሰራጫሉ ብለው ወንበራቸውን አነሱት። ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ተቃወመ፤ አንባቢዎቹ ግን አልተመለሱም። በምትካቸው ሬዲዮ ገባ። ቀስ በቀስም መኪና የእጁን ሥራ ወሰደ፣ በጩኸቱ ላይም ማንም ማንበብ አይችልም። በኩባ ግን ፋብሪካዎቹ በ1960 በመንግሥት ከተወረሱ፣ አሜሪካም በ1962 ንግድ ከከለከለች በኋላ እንኳ ልማዱ አልጠፋም። በ2012 የኩባ ባህላዊ ቅርስ ተብሎ ታውጇል። በዘመናችን አንባቢዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ በድምፅ ማጉያ ያነብባሉ፣ ጭብጨባውም እንደ ጥንቱ በስለት ነው።

ከታምፓ አንባቢዎች አንዱ ቪክቶሪያኖ ማንቴይጋ ይባል ነበር። ወንበሩ ሳይነሳ ገና በ1922 ላ ጋሴታ የተባለ ጋዜጣ መሠረተ። ጋዜጣው በስፓኒሽ ተጀምሮ፣ የሠፈሩ ልጆች እንግሊዝኛ እየተናገሩ ሲያድጉ፣ ኋላ በሦስት ቋንቋ መውጣት ጀመረ፤ በስፓኒሽ ለአያቶች፣ በጣሊያንኛ ለጎረቤቶች፣ በእንግሊዝኛ ለልጆች።